ክረምት የማን «ኦፍ ሲዝን» ነው?

«አሁን እኮ ሲዝኑ አይደለም።»

ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ «የሆነ ፓርክ ሄጄ አውሬ ልይ» ብላችሁ ብትነሱ የምትሰሙት መልስ ይኸው ነው። አስጎብኚው ይላችኋል። ጓደኛችሁ ይላችኋል። ጎግል ብታደርጉም «ኢትዮጵያን ለመጎብኘት ጥሩው ጊዜ ከኦክቶበር እስከ ማርች ነው» የሚል ነገር ከላይ ይመጣላችኋል። ክረምቱ «ኦፍ ሲዝን» ተብሎ ታሽጓል። በቃ፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ስልካችሁን ስክሮል አድርጉ ነው ነገሩ።

እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሲዝኑ የማን ነው?

ካሌንደሩን ማን ጻፈው?

ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ጎብኚ የሚሸሸው የአገሩን ብርድና ጨለማ ነው። ደረቅ መንገድ ይፈልጋል፣ ጥርት ያለ ሰማይ ይፈልጋል፣ ገናን ላሊበላ፣ ጥምቀትን ጎንደር ማሳለፍ ይፈልጋል። ለእሱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ልክ ነው። አስጎብኚውም ዶላር በሚመጣበት ወር ፕሮግራሙን ቢሠራ አይፈረድበትም።

የሚገርመው እኛ ይህንኑ ካሌንደር ሳንጠይቅ መውረሳችን ነው። እስቲ አስቡት፦ ትምህርት ቤት የሚዘጋው መቼ ነው? ክረምት። አብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤቱ የሚገባው መቼ ነው? ክረምት። ውጭ አገር ያሉት የአክስትና የአጎት ልጆች ቤተሰብ ለመጠየቅ በብዛት የሚመጡትስ? የእነሱም ትምህርት ቤት የሚዘጋው በጁላይና በኦገስት ነውና ያው በእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጥር ላይ ግን እኛ ፈተና ላይ ነን፣ ሥራ ላይ ነን። ጊዜ ሲኖረን «ሲዝኑ አይደለም» እንባላለን፣ ሲዝኑ ሲደርስ ጊዜ የለንም። ከዚያ «ኢትዮጵያዊ አገሩን አይጎበኝም» ተብለን እንወቀሳለን። ይሄ ፍርደ ገምድልነት አይደለም ትላላችሁ?

አንድ የቆየ መፈክር ነገሩን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ለዓለም ያስተዋወቁት መፈክር በእንግሊዝኛ «ሰርቲን መንዝስ ኦፍ ሰንሻይን» ነበር። ፀሐይ የማይጠፋባቸው አሥራ ሦስት ወራት ማለት ነው። ለለንደን ሰው ጥሩ ማባበያ ነው። አማርኛው ግን «የ13 ወር ፀጋ» ነው የሚለው። ልዩነቱን አያችሁት? እንግሊዝኛው ዝናቡን ደበቀው፤ አማርኛው ግን ዝናቡንም ፀጋ ብሎ ቆጠረው። መፈክሩ በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» በሚለው ተተክቷል። ካሌንደሩ ግን አልተተካም። እስካሁን የምንጓዘው በእንግሊዝኛው ነው።

ጎረቤት ምን ሠራ?

«ሳፋሪ» ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ጣሪያው የተከፈተ መኪና፣ የኬንያ ሜዳና አንበሳ ነው። ቃሉ ግን በስዋሂሊ ጉዞ ማለት ነው፤ ከዓረብኛ የመጣ ነው። መኪናም አንበሳም በውስጡ የለበትም።

የሳፋሪ ነጋዴዎች ከእኛ ቀድመው አንድ ነገር ገብቷቸዋል፦ ዝናብም ይሸጣል። ዛምቢያ ደቡብ ሉዋንግዋ ያሉ ሎጆች የዝናቡን ወራት «የኤመራልድ ወቅት» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ አረንጓዴውን የከበረ ድንጋይ ማለታቸው ነው። በምሥራቅ አፍሪካም «አረንጓዴው ወቅት» እያሉ ዋጋ ቀንሰው ይጋብዛሉ። በኬንያ የማሳይ ማራ መግቢያ ለውጭ አገር ጎብኚ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በቀን 200 ዶላር፣ ከጃንዋሪ እስከ ጁን ደግሞ 100 ዶላር ሆኗል። ያው ፓርክ፣ ያው አንበሳ፣ ግማሽ ዋጋ። በዚያ ላይ መኪናው ያንሳል፣ ሣሩ ይለመልማል፣ ብዙው እንስሳ ግልገል ይዞ ይታያል።

እኛ ለዝናቡ ወቅት ስም ማውጣት እንኳ አያስፈልገንም። ክረምት የሚል ስም አለው፤ በልጅነታችን በጉጉት እንጠብቀው የነበረው የዕረፍት ጊዜ ነው። የጎደለው በሩን የሚከፍትለት ሰው ብቻ ነው።

ከዓባይ ወዲህ ያለው ደን

አሁን ወደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ልውሰዳችሁ። ከደሴ ተነስታችሁ ወደ ምዕራብ፣ በለጋምቦዋ አቅስታ በኩል አድርጋችሁ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ብትጓዙ መካነ ሰላም ትገባላችሁ። የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። የደቡቡን ቦረና እንዳይመስላችሁ፤ የወሎው ቦረና ነው። ከታች ዓባይ በጥልቅ ሸለቆው ውስጥ ይጠማዘዛል፣ ከማዶ ምሥራቅ ጎጃም ነው።

ከመካነ ሰላም 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ ደንቆሮ ጫካ የሚባል ደን አለ። በስሙ አትሳቁ፤ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ማለት እሱ ነው። የአማራ ክልል በ2001 ዓ.ም. ፓርክ አድርጎ ሲያቋቁመው ከ4,300 ሄክታር ጥቂት ከፍ ይል ነበር። በኋላ ተስፋፍቶ ከ15,000 ሄክታር በላይ ሆኗል፤ ስሙም ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ተብሏል። ከታች 1,900 ሜትር አካባቢ ይጀምርና ወደ 3,700 ሜትር ይወጣል። ታች ወይራና ጥድ፣ ከፍ ሲል ኮሶና አስታ፣ አናቱ ላይ ጓሳና ጅብራ። በአንድ ቀን የእግር ጉዞ የተለያየ አገር አቋርጣችሁ የመጣችሁ ያህል ነው።

ነዋሪዎቹስ? ቀይ ቀበሮ አለ። ጭላዳ ዝንጀሮ አለ። የምኒልክ ድኩላ አለ። ሦስቱም ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኙም። በዚያ ላይ ጉሬዛ፣ ሰስ፣ ሚዳቋ፣ ጃርት፣ ነብር፣ ጅብ። አንበሳ የለም፣ ዝሆን የለም። ጣሪያው የተከፈተ መኪናም አያስፈልግም። በእግር ነው የሚታየው። የደጋ ሳፋሪ ማለት ይኼ ነው።

ቀይ ቀበሮን በተመለከተ አንድ ቁጥር ያዙልኝ፦ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። የቀረው እንደ ሰሜን፣ መንዝ ጓሳና የወሎ ከፍታዎች ባሉ የተቆራረጡ ተራሮች ላይ በጥቂት በጥቂቱ ተበትኗል። ከዓባይ ማዶ ጮቄ ተራራ ላይም ነበር። ዛሬ ጮቄ ላይ ቀይ ቀበሮ የለም። እንግዲህ ከዓባይ ወዲህ ያለው ምን ያህል ውድ እንደሆነ ገመቱት።

በዝናብ ምን ይታያል?

«እሺ ይሁን፣ ግን በዝናብና በጭጋግ ምን ላይ?» ትሉኝ ይሆናል። ደግ ጥያቄ ነው።

ከጭላዳ እንጀምር። ጭላዳ ከዝንጀሮና ከጦጣ ዘር ሁሉ ለየት ያለ ነው፤ ዋና ምግቡ ሣር ነው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ በጣቱ አፈር እየቆፈረ ሥር ይፈልጋል። በክረምት ግን ሜዳው ሁሉ ማዕዱ ነው። መንጋው ለምለሙ ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ ሲበላ፣ ግልገሎቹ ሲላፉ፣ አውራው ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ ልታዩት ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ለመክሰስ ከተሰበሰበ የጓደኛ ቡድን ብዙም አይለይም።

ቀይ ቀበሮውም ከጭላዳው ጋር ታሪክ አለው። መንዝ ጓሳ ላይ የተሠራና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚለው ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን አራት ጊዜ ሞክሮ አንዴ ይሳካለታል። በጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ ሲያድን ግን ከሦስት ሁለቱ ይሳካለታል። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ነብር ሲያዩ ገደል የሚገቡት እንስሳት ለቀበሮው መንገድ ይለቁለታል። ይህን በፊልም ሳይሆን በዓይን ማየት ምን ማለት እንደሆነ አስቡ።

ባሌ ላይ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ሌላ ጉድ አለ። ቀይ ቀበሮዎች ደጋው ላይ ከሚያብብ፣ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀይና ቢጫ አበባ የአበባ ማር ሲልሱ ተገኙ። አንዳንዱ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ይጎበኛል፤ አፍንጫው በአበባ ዱቄት ተለውሶ ይወጣል። ሥጋ በል ሆኖ እንደ ንብ አበባ የሚያዳቅል ትልቅ አውሬ ሲመዘገብ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም ብለዋል ተመራማሪዎቹ። የእረኛ ልጆች ይህንኑ አበባ ይልሱት እንደነበር ከተመራማሪዎቹ አንዱ ተናግረዋል፤ ልጆቹ ከሳይንሱ ቀድመዋል ማለት ነው። አበባው የሚያብበው መቼ መሰላችሁ? ከጁን እስከ ኖቬምበር። ማለትም «ኦፍ ሲዝን» ላይ።

ብርዱስ? ደጋ መቼም ደጋ ነው። ግን በደጋው ሌሊቱ የሚከፋው ሰማዩ ጥርት ባለበት በጋ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሜዳውን ነጭ ያደርገዋል። በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ያረጥባችኋል እንጂ እንደ ውርጩ አያደርቃችሁም። ዝናቡም ቢሆን ቀኑን ሙሉ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጠዋት ይገለጥና ከሰዓት ይወርዳል። በጠዋት የሚነሳ ሰው የድርሻውን ያያል።

ወሎ ላይ ደግሞ ሌላ ትርፍ አለ። ዓለም ወሎን የሚያውቀው በረሃብ ፎቶ ነው፤ የ1966ቱና የ1977ቱ ምስል ከአእምሮ አልወጣም። ነሐሴ ላይ የሳይንትን ዳገት ወጥቶ ቁልቁል ያየ ሰው ያንን ፎቶ በሌላ ይተካዋል። ገብሱ አረንጓዴ፣ ፏፏቴው ነጭ፣ ጭጋጉ ከዓባይ ሸለቆ እየተነሳ። ለኢንስታግራም ፊልተር አያስፈልገውም።

ውኃውንም አስቡት። የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ፎቶውን ያላጋራ የለም። ግድቡን የሚሞላው የክረምት ጎርፍ ነው፤ ከእነዚህ ዳገቶች የሚወርደውም ጅረት መጨረሻው ዓባይ ነው። ደኑ ባለበት ውኃው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ደኑ በሌለበት አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ይህን በዓይን ለማየት ጥር አይጠቅምም፤ ክረምት ብቻ ነው የሚያሳየው።

የሐምሌ መቶ ብርና የጥር መቶ ብር

እስካሁን ያልኩት ለጎብኚው ነው። ዋናው ነገሬ ግን ሌላ ነው፤ ፓርኩ ዳር ስለሚኖረው ገበሬ ነው።

ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ክረምት ጎተራ የሚራቆትበት ጊዜ ነው። ያለፈው እህል አልቋል፣ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ነው። የዘርና የማዳበሪያ ወጪ ወጥቷል። መስከረም ደግሞ የልጆች ደብተርና ጫማ ይጠብቃል። ጥር ላይ ምርት ገብቶ፣ ሠርግ ተደግሶ ባለበት ጊዜ የሚገባ መቶ ብርና ሐምሌ ላይ የሚገባ መቶ ብር አንድ አይደሉም። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ክብደቱ ግን ይለያል።

ከብቱም እንደዚያው ነው። በጋ ላይ ምርት ከተነሳ በኋላ ከብት ቃርሚያ ላይ ይሰማራል። ክረምት ሲገባ ማሳው ሁሉ ይዘራል፤ ከብቱ መሄጃ ያጣል። ታዲያ ዓይን ወዴት ይሄዳል? ወደ ፓርኩ ሣር። የደጋ ፓርኮቻችን ችግር ልቅ ግጦሽ፣ የማገዶ እንጨትና የእርሻ መስፋፋት ነው ሲባል ስንት ዘመናችን! ይህን የሚያደርገው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ደኑ ለእሱ የሚያስገኝለት ነገር ስለማይታየው ነው።

አሁን ሁለቱን አገናኙት። ገበሬው በጣም በሚቸገርበት፣ ደኑም በጣም በሚነካበት ወር፣ ፓርኩን «ኦፍ ሲዝን» ብለን ዘጋነው። ስካውቱ በዝናብ ብቻውን ይዞራል። ፈረስና በቅሎ ያለው ሰው የሚያከራየው የለም። ቡና አፍልታ፣ ገብስ ቆልታ፣ ማደሪያ አዘጋጅታ ልትሸጥ የምትችል እናት ደንበኛ የላትም። ከዚያ ጥር ላይ ሄደን «ደኑን ጠብቁ» የሚል ስብሰባ እንጠራለን።

በሐምሌ አሥር ተማሪዎች መካነ ሰላም ወርደው ሁለት ሌሊት ቢያድሩ አገር አይለወጥም፤ አላጋንንም። ግን አንድ የፈረስ ባለቤት ልጁን መስከረም ላይ ደብተር ይገዛለታል። ያ ሰው ጓሳው ላይ ቀይ ቀበሮ ሲያይ የሚያስበው ነገር ትንሽ ይለወጣል። ጥበቃ ማለት መጨረሻ ላይ ይቺ ናት።

«ሰላሙስ?»

አሁን ከባዱ ጥያቄ። መካነ ሰላም ማለት የሰላም ቦታ ማለት ነው። ስሙ እንዲህ ይበል እንጂ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ነው ያለፈው። መንገድ ተዘግቷል፣ ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ ሰው ታግቷል፣ ሰው ሞቷል። ይህን አልፌ «ዝናቡ ደስ ይላል» ብል ቀልድ ይሆንብኛል።

ስለዚህ ግልጽ ልሁን። ይህን አንብባችሁ ነገ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሂዱ እያልኩ አይደለም። አካባቢው ያለ የምታምኑት ሰው «ኑ» ሳይላችሁ አትሂዱ። ማንም ፎቶ ከሕይወት አይበልጥም። እውነቱን ለመናገር ለዚያ ፓርክ አሁን አሥራ ሦስቱም ወር ኦፍ ሲዝን ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«ታዲያ ለምን አሁን አነሳኸው?» አትሉኝም?

ምክንያቱም ሰላም የወረደ ዕለት ማን ቀድሞ እንደሚመጣ ስለማውቅ ነው። ፈረንጁ አይደለም። የውጭ መንግሥታት «አትሂዱ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ቶሎ አያነሱም። ቢያነሱም ኢንሹራንሱ፣ የአስጎብኚ ድርጅቱ ብሮሹር፣ የሰዉ ፍርሃት ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ የሚመጣው የደሴና የኮምቦልቻ ልጅ ነው። የወሎና የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አያቱን ሊጠይቅ የመጣ የዲሲ ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ የሚወርድ ቡድን ነው። እነዚህ ሁሉ ደግሞ የሚመጡት ዕረፍት ሲኖራቸው ነው፤ በክረምት።

የድሮውን ካሌንደር ይዘን ከጠበቅን ፓርኩ የሚጠብቀው መጨረሻ የሚመጣውን እንግዳ ይሆናል፤ መጀመሪያ የሚመጣውን በር ላይ ይመልሰዋል። ቀይ ቀበሮው ደግሞ ያን ያህል የመጠበቂያ ዓመት ያለው አይመስለኝም። የጮቄው አልጠበቀም።

«ፓርኩ ይረፍ» ለሚሉ

ሌላም ተቃውሞ አለ፦ «እንስሳቱም ደኑም ዕረፍት ይፈልጋሉ፤ ቢያንስ ክረምቱን ተዉላቸው።» ይሄ ጠንካራ ነጥብ ነው። በርጥብ መሬት ላይ ብዙ ጫማ ሲረግጥ ዱካው ቦይ ይሆናል። ቀይ ቀበሮም የሚጠቃው፣ ባሌ ላይ እንደተጠናው፣ ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው፤ በዚያ ወቅት መረበሽ የለበትም።

መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ለሚጨናነቅበት ፓርክ ነው። ቦረና ሳይንት ሰው በዝቶበት አያውቅም፤ የሚጎዳው መረሳቱ ነው። ሁለተኛ፣ ነገሩ በሥርዓት ይሁን እንጂ ይቅር አያሰኝም። በቡድን ጥቂት ሰው፣ የግድ ከስካውት ጋር፣ ከመንገዱ ሳይወጡ፣ ከአውሬው ርቀው። መንዝ ጓሳ ላይ ኅብረተሰቡ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ በጊዜው ከፍቶ፣ እንዲህ ለዘመናት ጠብቆታል። መቼ መግባት እንዳለበትና መቼ እንደሌለበት ከገበሬው በላይ የሚያውቅ የለም። እሱን ጠይቁት።

ምን ይደረግ?

ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ለዩኒቨርሲቲዎቹ የምለው አጭር ነው። የክረምት ዋጋ አውጡ፤ የተማሪ ዋጋ አውጡ። ሎጅ እስኪሠራ አትጠብቁ፤ ጣሪያው የማያፈስ፣ ፍራሹ ንጹሕ የሆነ የገጠር ቤት ይበቃል። ገቢው ከማን ኪስ እንደሚገባ አስቀድማችሁ ከነዋሪው ጋር ተስማሙ። ስካውቱ ባለስልክ ነው፤ «ዛሬ መንገዱ ይሄዳል፣ ዛሬ ጭጋግ ነው» የሚል አንድ የቴሌግራም ቻናል ለመክፈት በጀት አይጠይቅም።

ለእናንተስ? ሰላሙ እስኪመጣ ልምዱን ከቅርብ ጀምሩት። የአዲስ አበባ ልጅ ከሆናችሁ መናገሻ ሱባ ደን አለላችሁ፤ ከከተማው ከ50 ኪሎ ሜትር አይርቅም፣ የምኒልክ ድኩላና ጉሬዛ አለበት። አቅሙ ካላችሁ ባሌ፣ ሳነቴ ላይ በክረምት ቀይ ቀበሮ ፈልጉ። የትም ስትሄዱ የመንገዱን ደኅንነት መጀመሪያ አጣሩ። ከዚያ ቦቲ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ፓወር ባንክ። ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልሉት፤ ኔትወርክ ይጠፋልና ካርታውን ቀድማችሁ ዳውንሎድ አድርጉ። መብረቅ ሲያጓራ ከገላጣ ኮረብታና ከብቸኛ ዛፍ ሥር ራቁ። የሞላ ወንዝ «ትንሽ ናት» ብላችሁ አትግቡ።

ሁለት ነገር ደግሞ በፍጹም። ለጭላዳ ምግብ አትስጡ፤ ለቪዲዮ ብላችሁ ያስለመዳችሁት እንስሳ ነገ የገበሬውን ገብስ ይዘርፍና ይደበደባል። ውሻችሁንም ይዛችሁ አትሂዱ። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮን በተደጋጋሚ የፈጀው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ አንዱ ሁላችንም የምናውቀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ቪዲዮ ስትለጥፉም የቀበሮውን ጉድጓድ ሎኬሽን አትለጥፉ። የፈረሱን ባለቤት ስልክ ግን፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ፣ ለጓደኞቻችሁ አካፍሉ። የሚፈልገው እሱን ነው።

በመጪው ሰኔ አንድ ሰው «አሁን እኮ ሲዝኑ አይደለም» ሲላችሁ አትከራከሩት። «የማን ሲዝን?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁት።